ሱቁም ይኑር፣ መስኮቱም ይስፋ
(የቡሌ ባለሱቆች በኢንተርኔትም ቢነግዱ ስለሚገኘው ጥቅም፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የደስታ ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በፊታችሁ ቆመናል። እንዲህ ባለው ቀን ከተማሪ የሚጠበቀው ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ መልካም ጠባይ መናገር እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ወላጆቻችን በፊታችን ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሱቅ ከፍተው፣ በገበያም ውለው፣ ጨውና ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሸጠው እስከዚህ ክፍል ያደረሱን ናቸው። ዛሬ ስለ እነርሱ ሥራ አንድ ቃል ሳንናገር ብንወርድ የሚገባ መስሎ አልታየንም። ስለዚህ የንግግራችን አርእስት፣ የአገራችን ባለሱቅ ከመደርደሪያው ሌላ በኢንተርኔትም ዕቃውን ቢያሳይ፣ ቢሸጥና ከደንበኞቹ ጋር ቢገናኝ ምን ይጠቀማል የሚል ነው።

ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጥ ለማድረግ እንወዳለን። እኛ ሱቁ ይዘጋ፣ ባንኮኒው ይነሣ አንልም። የምንለው ሱቁ በስፍራው ጸንቶ እንዲኖር፣ መስኮቱ ግን ከመንገዱ ወዲያ ላለው ሰው ሁሉ እንዲከፈት ነው።

በመጀመሪያ ሱቅ በቡሌ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። ከዲላና ከወናጎ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ሲወጡ የምትገኘው ደጋይቱ አገራችን ዝናብና ጭጋግ የሚበዛባት፣ እንሰትና ገብስ፣ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት የምታበቅል ናት። በእንዲህ ያለ አገር ባለሱቅ ዕቃ ሻጭ ብቻ አይደለም። ሰው ለቅሶ ሲደርስበት ስኳርና ቡና በዱቤ የሚሰጥ እርሱ ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው ጆንያውን የሚያስቀምጠው፣ ወደ ከተማ የሄደ ልጅ መልእክት የሚልከው፣ የቤት ቁልፍ የሚቀመጠው በእርሱ ዘንድ ነው። በግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ቢለጥፍም፣ ከባንኮኒው ሥር ያለው የዱቤ ደብተር ግን ሌላ ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ሱቅ ቢዳከም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ነው።

እንግዲህ ይህ ሱቅ ዛሬ ምን ደርሶበታል? ቀድሞ አንድ ሰው ጫማ ሲፈልግ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞረ ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን በተለይ በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት ከቤቱ ሳይወጣ የእጅ ስልኩን ይከፍትና ቴሌግራም በተባለው መገናኛ የአዲስ አበባን መርካቶ ነጋዴ ዕቃ በፎቶግራፍ ይመለከታል። ዋጋውን ያነባል፤ ገንዘቡን በስልክ ይልካል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ዲላ ይደርሳል፤ ከዲላም በሌላ መኪና ወደ ደጋው ይወጣል። ያ ዓይነት ጫማ ግን ምናልባት እዚሁ ቡሌ፣ ከስኳሩ ጆንያ በስተኋላ፣ በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ አይሸጥም። ገንዘቡም ከቡሌ ይወጣል። የወጣውም ገንዘብ እዚህ ላለው ልብስ ሰፊ፣ ለሻይ ቤቱ፣ ለጫኝና አውራጁ፣ ለእኛም ለተማሪዎቹ ደብተር መግዣ ሳይሆን ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «የጊዜው ልጆች የፈረንጅ ነገር ስለሚወዱ ነው» ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ እንግዳ አይመስለንም። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር፤ ከዚያም ማርያ ቴሬዛ የተባለው ብር በገበያ ገነነ፤ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ተቋቋመ፤ በ1898 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በእያንዳንዱ ጊዜ አዲሱን ነገር የተጠራጠሩ ሰዎች አልጠፉም። ነጋዴው ግን አዲሱን መገበያያ ተቀበለ እንጂ ንግዱን አልተወም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የገንዘብ መላኪያና መክፈያ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን ከፈተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ኤም-ፔሳን አስከተለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተደረገ መልእክትና ውል በሕግ ፊት ዕውቅና ሰጥቷል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፤ የቀረው የእኛ መሄድ ነው።

አሁን ጥቅሙን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው ጥቅም ገዢው ባለበት ስፍራ መገኘት ነው። ብልህ ነጋዴ ሱቁን ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ይከፍታል እንጂ በጓሮ አይከፍትም። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያልፍበት መንገድ በስልክ ውስጥ ነው። ባለሱቁ አዲስ የመጣውን ዕቃ በፎቶግራፍ አንሥቶ ከነዋጋው ቢያወጣ፣ ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግር የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ዕቃ መኖሩን አረጋግጦ ይነሣል፤ በከንቱም አይደክምም። ዘይት አለ ወይ፣ ሲሚንቶ መጣ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ብቻ ግማሽ ቀን የሚጠፋበት አገር መሆናችንን የማያውቅ የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና የጥቂት ብር ካርድ ነው፤ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ገጽ ለመክፈት የኪራይ ገንዘብ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ጥቅም የእኛን ምርት ወደ ውጭ ማውጣት ነው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም የቡሌ ባለሱቅ ከአዲስ አበባ የመጣውን መልሶ ለቡሌ ሰው መሸጥ ብቻ ሥራው ሆኖ መቅረት የለበትም። ከእናቶቻችን እጅ የሚወጣው ቡላ ነጭና ደረቅ ስለ ሆነ መንገድ የሚችል ምግብ ነው። የአዲስ አበባና የሐዋሳ ሰው ለገንፎ ይፈልገዋል፤ የሚገዛው ግን ከብዙ እጅ በኋላ፣ የት እንደ ተፋቀ ሳያውቅ ነው። ነጭ ሽንኩርታችንና ገብሳችንም እንዲሁ ስም ሳይኖራቸው በአይሱዙ ተጭነው ይወርዳሉ።

ስም ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ይህን ከጎረቤታችን ከይርጋ ጨፌ እንማራለን። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲጠበቁ አገራችን ብዙ ደክማ፣ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት አልቋል። ዛሬ በሩቅ አገር የሚገኝ የቡና ሱቅ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ይርጋ ጨፌ የሚለውን ቃል የሚጽፈው ስሙ ገዢ ስለሚጠራለት ነው። እንዲሁም በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተደርጎ፣ ያሸነፉት ቡናዎች በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና አንዱ ፓውንድ፣ ይኸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም አወጣ። ገዢውና ሻጩ ፊት ለፊት አልተያዩም፤ ነገር ግን የቡናው ጥራት ተመርምሮ ስለ ተመሰከረለት፣ የገበሬውም ስም ከቡናው ጋር ስለ ሄደ ዋጋው ከፍ አለ። ለቡላችን እንዲህ ያለ ዋጋ ይገኛል ብለን አናታልላችሁም። የምንለው፣ «ይህ የቡሌ ቡላ ነው፤ የተዘጋጀው በዚህ ሳምንት ነው፤ ሚዛኑ ይህን ያህል ነው» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ስም ከሌለው ዕቃ ይሻላል ነው።

ከዚህም በላይ የጌዴኦ የባህል መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ተስማምተው የሚኖሩበት የአባቶቻችን እርሻ፣ እንደ ቱቱ ፈላና እንደ ጨልባ ቱቲቲ ያሉትም የትክል ድንጋይ ስፍራዎች ዓለም እንዲያውቃቸው ሆነዋል። ጌዴኦ ብሎ በስልኩ የሚፈልግ እንግዳ የሚያገኘው ድንጋዩንና ዛፉን ብቻ ነው ወይስ ሰውየውንና ሱቁንም ጭምር? ይህ በእኛ እጅ ያለ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ዋጋ ማወቅ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ገበሬውና ነጋዴው የዕለቱን ዋጋ እንዲያውቁ ነበር። ዋጋ የማያውቅ ሰው ሲሸጥ ይረክሳል፤ ሲገዛም ይከብድበታል። የቡሌ ባለሱቅም በስልኩ የአዲስ አበባን የጅምላ ዋጋ ቢከታተል፣ ከዲላ የሚያመጣለት አከፋፋይ የነገረውን ብቻ አምኖ አይገዛም።

አራተኛው ጥቅም የሒሳብ መዝገብ ነው። በስልክ የተከፈለ ገንዘብ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይቀራል። ባለሱቅ ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ ሥራ ስለሌለው ሳይሆን ሥራውን የሚያስረዳ ጽሑፍ ስለሌለው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር አነስተኛ ብድር መስጠት ሲጀምር፣ ትንሹም ሰው በስልኩ በሠራው ሥራ ሊመዘን መቻሉን አሳይቷል። ብድር ግን የሰው ገንዘብ ስለ ሆነ ለሠርግና ለድግስ ሳይሆን ለዕቃ መግዣ ብቻ ይሁን ብለን እንመክራለን።

አምስተኛውና ምናልባት የሚያስፈራው ምክንያት ውድድሩ ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቀድሞ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ የነበረውን የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. ዘመን ገበያ የተባለ የኢንተርኔት መሸጫ አቁሟል። ትልቁ ነጋዴ ወደ ቡሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርስብን በመኪና ሳይሆን በስልክ ይሆናል። ያን ጊዜ ባለሱቆቻችን ተኝተው እንዳይገኙ የምናስበው ለዚህ ነው።

ከሌላው ዓለም ምሳሌ እንጥቀስ። በዲላ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚሄደው መንገድ የሚያደርሰው ወደ ኬንያ ነው። በዚያ አገር ኤም-ፔሳ በ1999 ዓ.ም. ሲጀመር በየሰፈሩ ገንዘብ ተቀብለው የሚከፍሉት ወኪሎች ትናንሽ ባለሱቆች ነበሩ። አዲሱ ሥራ ሱቁን አላጠፋም፤ እንዲያውም ሰው ወደ ሱቁ እንዲመላለስ አደረገ። በቻይና አገር ደግሞ በጂያንግሱ ጠቅላይ ግዛት ዶንግፌንግ የምትባል መንደር አለች። የመንደሪቱ ሰዎች ቀድሞ የሚተዳደሩት በአሳማ እርባታና አሮጌ ፕላስቲክ በመሰብሰብ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ግን አንድ ወጣት የእንጨት የቤት ዕቃ አሠርቶ በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ፤ ጎረቤቱ ተከተለው፤ ቀጥሎም መንደሩ ሁሉ ገባበት። ኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሠራ እርስ በርስ ዋጋ መሰባበርም አልቀረም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንዱ ሩቅ መንደር መሆን እንደማይከለክል፣ ሁለተኛው ሁሉም አንድ ነገር ይዞ መሮጥ እንደማይጠቅም ነው።

እስከዚህ ጥቅሙን ብቻ ተናገርን። አሁን ደግሞ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያነሡትን መከራከሪያ በአክብሮት እንመልከት፤ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በየቤታችን ጠይቀን ብዙ መልስ አግኝተናልና።

አንዳንዶቹ «ልጆቼ፣ ደንበኛዬ ያውቀኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ፎቶግራፍ ምን ያደርግልኛል?» አሉን። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእኛ አስተያየት በኢንተርኔት ለመነገድ ትልቁ ምክንያት ይኸው መተዋወቅ ነው። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ባለፈው ዓመት ስሙን የማንጠራው አንድ የኢንተርኔት ሻጭ ዘንድ ጫማ አዘዘ። ቁጥሩ 41 ነው ብሎ ገንዘቡን በቅድሚያ ላከ። የመጣለት 38 ነበር፤ እርሱም ቢሆን ስፌቱ የለቀቀ። ቢደውል ስልኩ አይነሣም፤ መልእክት ቢልክ መልስ የለም። እናቱ ለዚያ ጫማ ያወጣችው ገንዘብ ስንት ገበያ ውላ ያገኘችው እንደ ሆነ እናውቃለን። ሻጩ የቡሌ ባለሱቅ ቢሆን ኖሮ ልጁ ጫማውን ይዞ ሄዶ «ጋሼ፣ ይህ አልሆነኝም» ባለ ነበር፤ ጋሼም ይለውጥለት ነበር፤ ባይለውጥለት እንኳ በነጋታው አገር ሁሉ ይሰማበት ነበር። በኢንተርኔት ላይ ዕቃ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚታመን ሰው ነው። አባቶቻችን በሃያና በሠላሳ ዓመት ያካበቱት ሀብት ደግሞ መታመን ነው። ሌላው ሊያገኘው ያልቻለውን እናንተ ይዛችሁት ሳለ ከገበያው መቅረታችሁ ያሳዝነናል።

ሌሎቹ «ኔትወርክ የለም፤ መብራትም ይጠፋል» አሉን። ይህንንም አንክድም። ቀደም ብለን የጠቀስነው የቡና ጨረታ በተደረገበት በዚያው በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ንግዱን ሁሉ በስልክ ላይ የጣለ ሰው ያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ስለዚህ ነው ሱቁም ይኑር የምንለው። በመስኮት የሚሸጥ ሰው በሩን አይነቅልም። ቴሌብርም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ *127# ተብሎ ይሠራል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ቢደክም የስልክ መስመር እስካለ ድረስ ክፍያው አይቆምም።

ሦስተኛው ፍርሃት አጭበርባሪ ነው። «ገንዘቡን ልኬአለሁ» ብሎ የሐሰት መልእክት የሚያሳይ ገዢ አለ፤ ከድርጅት የደወለ መስሎ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅም አለ። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ በገዢው ስልክ ላይ የታየውን ሳይሆን በራስ ሒሳብ የገባውን አይቶ ዕቃ ማስረከብ፣ የምሥጢር ቁጥርንም ለልጅም ለወዳጅም አለመንገር ነው። የሐሰት ገንዘብ ኖት በመኖሩ ምክንያት ገንዘብ መቀበል የተወ ባለሱቅ አላየንም፤ ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ተማረ እንጂ።

አራተኛው በለሆሳስ የተነገረን ስለ ግብር ነው። «ዕቃዬን ለዓለም ባሳይ ግብር ይበዛብኛል» የሚሉ አሉ። በዚህ ጉዳይ የምንናገረው በጥንቃቄ ነው፤ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁና። ግን መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግብሩ በግምት ሲሰላበት የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም፤ መዝገብ ያለው ግን «የሸጥሁት ይህ ነው» ብሎ ያሳያል። ትምህርት ቤቱም፣ መንገዱም፣ ጤና ጣቢያውም የሚሠራው በግብር መሆኑን ደግሞ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ።

አምስተኛውን ጥያቄ ያነሡት አንዲት እናት ናቸው፤ እኛንም ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን እርሱ ነው። «ስልክ የሌላት ጎረቤቴስ? ጎመን ዘርግታ የምትሸጠዋስ? እናንተ ሁሉን በስልክ ስታደርጉት እርሷ ወዴት ትሄዳለች?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ ፈጥነን የምንሰጠው መልስ አልነበረንም፤ በመካከላችንም ብዙ ተከራክረንበታል። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ባለሱቅ በስልክ ለሚከፍል ብቻ የሚሸጥ፣ በጥሬ ገንዘብና በዱቤ የሚገዛውን ድሀ የሚያባርር ከሆነ ያ ዕድገት አይባልም። ነገር ግን ስልክ ያለው ባለሱቅ ስልክ ለሌላት ሴት አፍ ሊሆንላት ይችላል። የእርሷን ቡላና ነጭ ሽንኩርት በራሱ ገጽ ላይ ከራሷ ስም ጋር አውጥቶ፣ ሲሸጥ ተገቢ ድርሻውን ወስዶ የቀረውን ለእርሷ ቢያስረክብ ሁለቱም ይጠቀማሉ። በሚዛኑ ግን እርሷም በተገኘችበት ይመዘን፤ የተሸጠበትም ዋጋ ይነገራት። ይህ ካልሆነ አዲሱ መንገድ የድሮውን ደላላ በአዲስ ልብስ ያመጣልና።

ንግግር ብቻ አድርገን እንዳንቀር አምስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ባለሱቅ የሱቁን ስም፣ የስልክ ቁጥሩንና የሚከፈልበትን የሒሳብ ቁጥር በጉልህ ጽፎ በበሩ ላይ ይለጥፍ። ይህ ከሁሉ የሚቀለው ነው።

ሁለተኛ፣ የቡሌ ባለሱቆች ተባብረው አንድ የጋራ የቴሌግራም ገጽ ይክፈቱ። አንዱ ሱቅ ብቻውን አሥር ዕቃ ቢያሳይ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይረሳዋል፤ ሃያ ሱቅ በአንድ ላይ ቢያሳይ ግን ገበያ ይሆናል። አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ በጋራው ገጽ ላይ የሚገባ ሁሉ የሚጠብቀው ሕግ ይኑር። ፎቶግራፉ የራሱ የዕቃው ይሁን እንጂ ከሌላ የተወሰደ አይሁን፤ ዋጋው ይጻፍ፤ «በውስጥ መስመር ጠይቁን» እየተባለ አይደበቅ፤ ሚዛኑ በኪሎ ይነገር፤ ለጠየቀ ሰው በዕለቱ መልስ ይሰጥ፤ ያልሆነ ዕቃ ይመለስ፤ ያልተላከ ዕቃ ገንዘብም አይያዝ። ይህን ሕግ ያፈረሰ ከገጹ ይውጣ።

አራተኛ፣ ወደ ሩቅ አገር የሚላከው ዕቃ በአንድ ቀንና በአንድ መኪና ተጠራቅሞ ወደ ዲላ ይውረድ። አንድ ኪሎ ቡላ ለብቻው ቢላክ የመኪናው ሒሳብ ትርፉን ይበላዋል፤ የአሥር ሱቅ ዕቃ በአንድነት ቢሄድ ግን ወጪው ይቀላል። ለሾፌሩና ለረዳቱም የተቀባዩ ስምና ስልክ በእጅ ተጽፎ ይሰጥ፤ በቃል ብቻ አይነገር።

አምስተኛው የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። ወላጆቻችን «እኛ ይህን አንችልም፤ ጊዜው የእናንተ ነው» ሲሉ እንሰማለን። እንግዲያውስ እኛ እንሥራው። ከትምህርት በኋላ ባለው ሰዓት እያንዳንዱ ተማሪ የወላጁን ወይም የጎረቤቱን አንድ ሱቅ ይያዝ፤ ዕቃውን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ስሙን በአማርኛና በጌዴኦኛ ይጻፍ፤ ለእትዬና ለጋሼ መልእክት እንዴት እንደሚነበብ ያሳይ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አንጠይቅም። በሒሳብ ክፍል ስለ ትርፍና ስለ ኪሳራ የተማርነው በደብተር እንዳይቀር ብቻ እንፈልጋለን።

ይህን የምንለው ለአገር ብቻ ብለን እንዳልሆነ በእውነት እንናገራለን። ለራሳችንም ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የመልቀቂያ ፈተና እንቀመጣለን፤ ከእኛ መካከል የሚያልፉት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ግን አይሄዱም። ከእኛ በፊት የነበሩት ታላላቆቻችን ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ዲላ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ ወርደዋል። አገር ጥሎ መሄድ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን መሄድ የወደደ ሰው ይሂድ እንጂ እዚህ የሚሠራ ነገር ስለ ታጣ ብቻ ማንም መሰደድ የለበትም። የአባት ሱቅ የሰፋ ገበያ ካለው አንድ ልጅ በውስጡ ሥራ ያገኛል። በውጭ አገር የሚኖረው ወንድማችንም ለእናቱ ገንዘብ ሲልክ፣ «ከእትዬ ሱቅ ዘይትና ስኳር ውሰጂ፤ ሒሳቡን እኔ ከፍያለሁ» ሊላት ይችላል። እናቲቱ የምታውቀው ያው ሱቅ፣ ያው ሰላምታ፣ ያው ወንበር አለ፤ ሒሳቡ ግን ከባሕር ማዶ ተከፍሏል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ እናንተ የሩቁን ገበያ በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ በፈረስና በአህያ ጭናችሁ፣ ዝናቡን ታግሳችሁ ነው ሱቅ ያቆማችሁት። ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው የቀረችውን ትንሽ እርምጃ አይፈራም ብለን እናምናለን። መምህራኖቻችንም ሥራውን በምንጀምርበት ጊዜ ጽሑፋችንን እንዲያርሙልን፣ ሒሳባችንን እንዲመረምሩልን እንለምናለን። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ እኛ ስንወጣ የጀመርነውን እንዳትተዉት አደራ እንላለን።

በሚመጣው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ስማቸውን ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ባለሱቆችና ለመርዳት የሚፈቅዱ ተማሪዎች በክፍላችን እንጠብቃቸዋለን።